ሰማያዊ ሳልቪያ መትከል ላሰባችሁ፣ አንድ አትክልተኛ ልጠቁማችሁ

ዛሬ የማመሰግነው ሰው አለኝ። ሳልቪያ የሚባሉትን የአበባ ተክሎቼን የተከሉልኝ፣ የገረዙልኝና ያባዙልኝ አትክልተኛ ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ አልወደዱም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ።

በጣም የወደድኩላቸው እምቢ ማለት ማወቃቸውን ነው። እኔ ሰማያዊ የሚያብበው ሁሉ አምሮኛል። እሳቸው መጀመሪያ ያዩት ግን ፀሐዩን ነው። በቀን ለ6 ሰዓት ያህል ፀሐይ የማያገኘውን ጥግ «እዚህስ ይቅርብዎ» አሉኝ። ጓራኒቲካ የሚባለው ደማቅ ሰማያዊ አበባ ያለው የሳልቪያ ዓይነት ቁመቱ ከ1.5 ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል መሬት ላይ ተተከለ። ለማሰሮ የመረጡት ካሜድሪኦይደስ የሚባለውን ሳልቪያ ነው። የሜክሲኮ ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉ ትንንሽና አመድማ፣ ድርቅ የሚችል። ኡሊጊኖሳ የሚባለውንም ሳልቪያ እዚያው ማሰሮ ውስጥ ይትከሉልኝ ስላቸው ሳቁ። እሱ ውሃ ወዳድ ነው። እሱ ሲጠግብ ጎረቤቱ ይበሰብሳል።

ማሰሮው ውስጥ ምንም ሳይተክሉ ውሃ አፈሰሱበት። ከሥር ቶሎ አልወጣም። አፈሩን ገለበጡና አሸዋና ጠጠር ደባለቁበት። ፍግ ይጨመርበት ወይ ስል «ቅጠል ነው የሚያበዛብዎ» አሉኝ፤ ቀረ።

ሲገርዙ ቆሜ አይቻለሁ። እንጨት የሆነው ግንድ ድረስ አይወርዱም። አረንጓዴ ቡቃያ ካለበት በላይ ያቆማሉ። ውርጭ በሚጥልበት አገር ደግሞ ብርዱ እስኪያልፍ መቀስ ባይነካው ይሻላል ይላሉ። የተቆረጠውም በከንቱ አይሄድም። አበባ ያልያዘ ለጋ ጫፍ ይመርጣሉ፣ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን። ከአንጓው ሥር ቆርጠው የታች ቅጠሎቹን ይመለምሉና እርጥብ አሸዋማ አፈር ላይ ይሰኩታል። ብርሃን ይግባው እንጂ ፀሐይ አይምታው። በሁለት ሦስት ሳምንት ሥር ያወጣል።

ሌላም ያሳዩኝ ነገር አለ፤ ሳያስከፍሉኝ! ፓተንስ በሚባለው ሳልቪያ አበባ ውስጥ ቀጭን የሣር ዘንግ ገፋ አደረጉ። ከላይኛው ከንፈር ሁለት ክሮች ጎንበስ ብለው ሣሩን የአበባ ብናኝ ቀቡት። ለካ ንብ ስትገባም ጀርባዋ ላይ የሚያርፍባት እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እወቁ፤ ስልክ ቶሎ አያነሱም። እጃቸው አፈር ውስጥ ነውና ደጋግማችሁ ደውሉ።