የቡፌ ውስጥ ስትሪፕ መብራት እና የአራት ኪሎው ጥገና ቤት

ሳሎናችን ውስጥ ያለው ቡፌ ባለ አራት መደርደሪያ ሲሆን፣ ከመስታወት በሮቹ ጀርባ ከእናቴ የወረስኳቸው ጠርዛቸው ወርቅማ የሆነ ስኒዎች፣ ጥቂት ብርሌዎች እና ለሠርጋችን የተሰጡን ብርጭቆዎች ተደርድረውበታል። ባለቤቴ እነዚህ ዕቃዎች ማታ ማታ እንዲታዩ ትፈልግ ስለነበር ፒያሳ ከሚገኝ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ባለ 5 ሜትር የኤልኢዲ ስትሪፕ (ጥቃቅን አምፖሎች የተደረደሩበት ተለጣፊ ጥብጣብ)፣ የቤቱን ኤሌክትሪክ ወደ 12 ቮልት ከሚቀንስለት አዳፕተር ጋር ገዝተን አስገጠምን። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ዕቃ፣ እንዲሁም ከስድስት ወር በኋላ ሲበላሽ ስላስተካከለልን አራት ኪሎ አካባቢ ስላለ ትንሽ የጥገና ቤት ነው። የመደብሩን ስም የማልጽፈው፣ እዚህ የማነሣው ጉድለት በብዙ ሱቆች ውስጥ ያለ ልማድ እንጂ የአንድ ሻጭ ብቻ ስላልሆነ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስትሪፑ ራሱ ልናገር። ባለ 12 ቮልት፣ በአንድ ሜትር 60 አምፖል ያለው፣ 5050 የሚባለው ዓይነት (እያንዳንዱ አምፖል 5 በ5 ሚሊ ሜትር የሆነ) ሲሆን፣ በጥቅሉ ላይ እንደተጻፈው በሜትር 14.4 ዋት ይወስዳል። የመረጥነው ቀለም፣ በብርሃን ቀለም መለኪያው በኬልቪን፣ 3000 ኬልቪን፣ ማለትም ወደ ቢጫ የሚያደላው ነው፤ በዚህ ምርጫችን እስከ ዛሬ አልተጸጸትንም። ሻጩ በመጀመሪያ ያበራልን 6500 ኬልቪን የሆነው ነጭ መብራት ብርጭቆውን ቢያደምቀውም የስኒዎቹን ወርቃማ ጠርዝ ቆርቆሮ ያስመስለው ነበር። የእንጨቱም ቀለም በሞቃቱ ብርሃን ይበልጥ ያምራል። በፕላስቲክ የተሸፈነውን ውኃ የማያስገባ ዓይነት አለመግዛታችንም ትክክል ነበር፤ ደረቅ ቡፌ ውስጥ ሽፋኑ ሙቀት ከማፈን በቀር ጥቅም የለውም።

ብልሽቱ የጀመረው ቀስ በቀስ ነው። የታችኛው መደርደሪያ ከላይኞቹ ይልቅ እየደበዘዘ መጣ፤ ቆይቶም መብራቱ በበራ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁሉም መደርደሪያዎች አንድ ላይ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ። አዳፕተሩን ብነካው በእጅ አያስይዝም ነበር። ወደ መደብሩ ሄጄ ስነግራቸው፣ አንደኛው ሠራተኛ ችግሩ ከመስመር የሚመጣ በመሆኑ ስታቢላይዘር እንድገዛ መከረኝ፤ ሌላው ደግሞ ስትሪፑ ስለተቃጠለ ሙሉ በሙሉ መቀየር እንዳለበት ነገረኝ። ሁለቱም ይህን ሲሉ ምንም ነገር አልለኩም። የመስመሩ ጉዳይ እንዳልሆነ እኔም ጠርጥሬ ነበር፤ ምክንያቱም በአዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ተጽፏል፣ በአንድ ዲቫይደር ላይ አብሮት የተሰካው የጠረጴዛ መብራትም ፈጽሞ አይርገበገብም ነበር።

ጥገና ቤቱን የጠቆመኝ ጎረቤቴ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራት ኪሎ የኮሪደር ልማት ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ባለሙያዎች ቦታ ስለለወጡ ፍለጋው ጥቂት አደከመኝ፤ የጥገና ቤቱን ባለሙያ ልጅ ያገኘሁት አንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በተከመረበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ድረስ መጣ፤ ከቀጠሮው ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነበር፣ ይህን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ሥራውን የጀመረው መልቲሜትሩን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ በማውጣት ነው። አዳፕተሩን ከስትሪፑ ነቅሎ ሲለካው 12.2 ቮልት ሰጠ፤ አራቱንም መደርደሪያዎች አገናኝቶ ሲለካው ወደ 9.7 ወረደ፤ ከዚያም ሦስቱን ነቅሎ አንዱን ብቻ ሲያበራ 12.1 ሆነ። በዚህ ጊዜ ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ መብራቱ ደህና ነው፤ ፓወር አንሶት ነው» አለኝ። ከዚያም በአዳፕተሩ ካርቶን ጀርባ ላይ ሒሳቡን ጻፈልኝ፦ እያንዳንዱ መደርደሪያ 80 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አራቱ 3.2 ሜትር ይሆናሉ፤ በ14.4 ሲባዛ ወደ 46 ዋት ይመጣል፤ ሻጩ የሰጠን አዳፕተር ግን 12 ቮልት በ2 አምፔር፣ ማለትም 24 ዋት ብቻ ነው። አዳፕተሩ ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ይግላል፣ ራሱን ለመጠበቅም ይቋረጣል፣ መልሶም ይነሣል፤ ብልጭ ድርግም የሚለው ለዚህ ነበር። በሒሳቡ ላይ ከአምስት አንድ እጅ ያህል መጠባበቂያ ጨምሮ ባለ 5 አምፔር፣ ማለትም 60 ዋት የሚሰጥ አዳፕተር አስገዛኝ። ይህን ሁለት መስመር ሒሳብ ሻጩ በሽያጩ ቀን ሠርቶልን ቢሆን ኖሮ ስድስት ወር ሙሉ ከአቅሙ በላይ የሚሠራና የሚግል ዕቃ ቤታችን ውስጥ ባልተቀመጠ ነበር፤ በእንጨት ቡፌ ጀርባ የተደበቀ የጋለ አዳፕተር ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁንና አዲሱ አዳፕተር ከተሰካ በኋላም የታችኛው መደርደሪያ እንደደበዘዘ ቀረ። ልጁ በዚህ ጊዜ መልቲሜትሩን አስቀምጦ፣ ሁለት ቁራጭ ስትሪፖችን የምታገናኘውን ትንሽ የፕላስቲክ ኮኔክተር በአውራ ጣቱ ጫን አደረጋት፤ የታችኛው መደርደሪያ ወዲያውኑ ቦግ አለ። ጣቱን ሲያነሣ ተመልሶ ደበዘዘ። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አሳየኝ። ኮኔክተሮቹ በመዳቡ ላይ ተጭነው የሚነካኩ እንጂ የተበየዱ ስላልሆኑ፣ በሙቀት ሲላሉ ማስተላለፋቸው ይቀንሳል። በዚያ ላይ ኤሌክትሪኩ ከላይ ገብቶ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ እያቋረጠ እስከ ታች የሚወርደው በስትሪፑ ቀጭን መዳብ ላይ በመሆኑ፣ ከላይኛው ጫፍ 12 ቮልት ሆኖ የተነሣው ከታችኛው ጫፍ ሲደርስ 10.6 ብቻ ነበር። ልጁ ኮኔክተሮቹን ሁሉ ቆርጦ ጣለ፤ በቡፌው ጀርባ ወፈር ያሉ ሁለት ሽቦዎች አወረደና እያንዳንዱን መደርደሪያ በካውያና በሊድ በቀጥታ ከእነርሱ ጋር በየደው። ሲጨርስ የታችኛው ጫፍ 11.9 ቮልት አሳየ፤ በአራቱ መደርደሪያዎች መካከል በዓይን የሚለይ ልዩነት አልቀረም።

በሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የጠፉ ሦስት አምፖሎችም ነበሩ። ባለ 12 ቮልት ስትሪፕ ላይ አምፖሎቹ በሦስት በሦስት ተያይዘው ስለሚሠሩ፣ አንዱ ሲበላሽ ሦስቱም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ልጁ የመቀስ ምልክት ካለበት ቦታ 5 ሳንቲ ሜትሩን ቆርጦ አውጥቶ ከራሱ ዘንድ ባመጣው ቁራጭ ተካው።

ቅር ያሰኘኝ ነገር አለ። የተበየዱትን ቦታዎች በናስትሮ ብቻ ሊጠቀልላቸው ነበር፤ የናስትሮ ሙጫ በሙቀት ስለሚለቅ፣ በሙቀት የሚጨማደደውን የፕላስቲክ ቱቦ እንዲያለብሳቸው ጠይቄ ነው ያደረገው። ስትሪፑ የሚለጠፍበት የአሉሚኒየም መስመርም አላቀረበልኝም፤ መስመሩ ሙቀቱን ስለሚወስድ የአምፖሎቹን ዕድሜ ያራዝማል፣ ከጀርባ ያለው ሙጫም ከእንጨቱ እንዳይላቀቅ ይረዳል። እኔ በኋላ ለብቻው ገዝቼ አስገጥሜዋለሁ።

አዳፕተሩን ጨምሮ ለጥገናው የከፈልኩት፣ መደብሩ አዲስ ስትሪፕ ከነመግጠሚያው ከጠየቀኝ ዋጋ ያነሰ ነው። ለስትሪፑ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ አብሮት ለተሸጠልን አዳፕተር ግን የምሰጠው ነጥብ የለም። ለጥገና ቤቱም አራት እሰጠዋለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት ለመዘግየቱና ለናስትሮው ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው የእያንዳንዱን መደርደሪያ ርዝመት በሳንቲ ሜትር ለክቶ፣ አዳፕተሩንም ይዞ ቢሄድ ልጁ ገና በሩ ላይ ሒሳቡን ይሠራለታል። ከግዢው የተረፈ የስትሪፕ ቁራጭ ካለም ይዞ ይሂድ። እኔ የእኛን ትራፊ ጥዬው ስለነበር የተተኩት ሦስት አምፖሎች የሌላ ጥቅል ናቸው፤ በሁለተኛው መደርደሪያ ግራ ጫፍ፣ ከብርሌዎቹ በላይ፣ ብርሃኑ ከጎረቤቱ በጥቂቱ ነጣ ብሎ ይታያል።