ፋይል ኤክስፕሎረር ለፎቶ ቤት ሥራ፦ ታግ ላይ ጎበዝ፣ ሰዓት ላይ ደካማ

ጥር ገብቶ ሠርግ ሲበዛ ደሴ ያሉ ፎቶ ቤቶች ኮምፒውተር በፎቶ ይጥለቀለቃል። ይህን ለመለየት ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው ፋይል ኤክስፕሎረር ለብዙው ሥራ ይበቃል። ክፍያ የለውም፣ ኢንተርኔትም አይጠይቅም።

ፎቶውን መርጣችሁ አልትና ኢንተርን አንድ ላይ ስትጫኑ ፕሮፐርቲስ ይከፈታል፤ ዲቴይልስ ወደሚለው እለፉ። ከታግስ (ፎቶውን በኋላ ፈልጎ ለማግኘት የሚጻፍ መለያ ቃል) አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ስትነኩት መጻፊያ ይሆናል፤ ጽፋችሁ አፕላይ በሉ። መቶ ፎቶ አንዴ መርጣችሁም ያንኑ ታግ ለሁሉም መስጠት ይቻላል። ምስሉ እንደገና ስለማይጨመቅ ጥራቱ አይነካም።

አማርኛ ጸሐፊን የሚያስቸግረው ታጎችን መለያየቱ ነው። ኤክስፕሎረር የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ሴሚኮለን ብቻ ሲሆን፣ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እያለ የሚወጣው ግን ድርብ ሰረዝ ነው። «ኒካህ፤ ኮምቦልቻ፤ ሙሽሮች» ብላችሁ ብትጽፉ ሦስት ታግ ሳይሆን አንድ ረጅም ታግ ይሆናል። «ሠርግ» እና «ሰርግ»ም ለፍለጋው ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ቤቱ አንዱን መርጦ ይጽና። ርዕስ፣ ታግና ኮሜንት የግዕዝ ፊደልን በደንብ ይይዛሉ። የኮፒራይት ቦታ ግን በኤግዚፍ (የፎቶ መረጃ ፋይሉ ውስጥ የሚጻፍበት መስፈርት) ደረጃ ለላቲን ፊደል የተሠራ ስለሆነ፣ እዚያ በአማርኛ የጻፋችሁት የስቱዲዮ ስም ሌላ ፕሮግራም ላይ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በላቲን ጻፉት።

የማይሠራበትም ቦታ አለ። ታግ የሚቀበለው በዋናነት ጄፔግ (.jpg) የተባለው የፋይል ዓይነት ነው፤ ፒኤንጂ (.png) ላይ አይሆንም። ስልክ በገመድ ተሰክቶ እያለ ማረም አይቻልም፣ መጀመሪያ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ። የሚሞሪ ካርዱ መቆለፊያ ወርዶ ከሆነም ምንም አይጻፍም።

ከዲቴይልስ ታች «ሪሙቭ ፕሮፐርቲስ» የሚለው ማስፈንጠሪያ ጥሩ ነገር ነው። በስልክ የተነሳ ፎቶ የደንበኛውን ቤት አቅጣጫ በጂፒኤስ ቁጥር ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ኤክስፕሎረር ቁጥሩን ማረም ባይችልም ማጥፋት ይችላል። ኮፒ የሚፈጥረውን የመጀመሪያውን ምርጫ ውሰዱ፤ ሁለተኛው ከዋናው ፋይል ላይ ስለሚያጠፋ መመለሻ የለውም። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሲላክ መረጃው ይወገዳል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን አብሮ ይሄዳል፤ ደንበኛ ደግሞ ጥራት ፈልጎ የሚጠይቀው በፋይል ነው።

ትልቁ ድክመቱ የተነሳበት ቀን ላይ ነው። ካሜራውን በእኛ ሰዓት የሚሞላ ብዙ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት የተነሳው በካሜራው 3፡00 ተብሎ ይመዘገባል፤ የእንግዳው ስልክ ግን ያንኑ ቅጽበት 9፡00 ይለዋል። ሁለቱ አንድ ፎልደር ውስጥ ሲገቡ ሙሽሪት ሳትወጣ ምሳ ይበላል። የካሜራውን ሁሉ በ6 ሰዓት መግፋት ነበር መፍትሔው፤ ኤክስፕሎረር ግን ለተመረጡት ሁሉ አንድ ዓይነት ቀን ይሰጣል እንጂ እያንዳንዱን ከነበረበት አይገፋም።

ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ሲሞላ ይብሳል። ጥር 18 ቀን 2017 በ18/5/2017 ከገባ ካሜራው የሚያውቀው በፈረንጆች ሜይ 18፣ 2017 ነው፤ ትክክለኛው ጃንዋሪ 26፣ 2025 ነበር። ጥቅምት 30ማ ጨርሶ አይገባም፣ በካሜራው ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነውና። ጳጉሜንም 13ኛ ወር የሚቀበል ካሜራ የለም።

ለዚህ ዲጂካም የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይሻላል። የሰዓትና ቀን ማስተካከያው የመረጣችሁትን ሁሉ እኩል ይገፋል፤ ከላይ በጥር 18 ምሳሌ ላለው ሠርግ 2810 ቀን ጨምሩ፣ ሰዓቱም በእኛ ከተሞላ 6 ሰዓት አክሉ። ሠርጉና መልሱ ወር ማለቂያ ላይ ከተያዙ ግን ለየብቻ አስሉ፦ የእኛ ወር 30 ላይ ያበቃል፣ ካሜራው 31 ሊል ይችላል። የትዕዛዝ መስኮት (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት) የማይፈራ ደግሞ ኤግዚፍቱል የተባለውን ፕሮግራም ይሞክር፤ እሱ ሳይነገረው የቀድሞውን ፋይል በመጠባበቂያ ያስቀምጣል፣ ኤክስፕሎረር ግን ይህን አያደርግም።