ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን፦ ቀጥታ፣ በፍራንክፈርት ወይስ በዱባይ?

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ያለው አጭሩ የሰማይ መንገድ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትኬት ፍለጋ የገባ ሰው ግን ዋጋውን ብቻ አይቶ ይቆርጥና ኋላ መንገድ ላይ ይቆጨዋል።

በዱባዩ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር፣ አራት ሰዓት ያህል ነው። እዚያ ሲደርሱ ደለስ ገና 11,350 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። አራት ሰዓት በርረው ወደ አሜሪካ የተጠጉት በ200 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ሻሸመኔ እንኳ አያደርስም! ከዚያ በኋላ ሌላ 14 ሰዓት ያለፈው በረራ ይጠብቅዎታል። ዱባይ ላይ ዘመድ የሚጠይቁ ወይም የሚገዙት ነገር ያለዎት ከሆነ ይሁን።

ፍራንክፈርት ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት 5,350፣ ከዚያ ደለስ 6,550 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሲደመር 11,900፤ ከአጭሩ መንገድ የሚበልጠው በ340 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። አጭሩ መስመር ራሱ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ በስፔን በኩል ወደ አትላንቲክ ስለሚወጣ አውሮፓ ብዙም ከመንገድ አያስወጣም። አየር ላይ የሚያሳልፉት ሰባት ሰዓት ተኩልና ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፤ የቆይታውን ሰዓት እርስዎ ይጨምሩበት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ጀርመን ኤርፖርት ውስጥ ለማለፍም የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል፤ ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ ቪዛ ካለው ግን አያስፈልገውም።

ቀጥታው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራስ? «ቀጥታ» ሲባል ሲሄድ የትም አያርፍም ማለት አይደለም። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል፤ ለዓመታት ደብሊን ላይ ነበር። ጉዞው በጠቅላላ 16 እና 17 ሰዓት ይሆናል። ደለስ ቆላ ነው፤ ሲመለስ ሞልቶ ይነሳል፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል፣ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይገባል። «13 ሰዓት ነው» ያለዎት ሰው የነገረዎት የመልሱን ነው።

እንግሊዝኛ ለማይችሉ እናት ወይም አባት ትኬት የምቆርጥ ከሆነ እኔ ሁለት መቶ ዶላር ጨምሬም ቢሆን ቀጥታውን ነው የምወስደው። በር ፍለጋ የለም፣ ከሠራተኞቹ ጋር በአማርኛ ይግባባሉ። ለወጣት ተጓዥ ፍራንክፈርት በቂ ነው፤ ሁለቱም በረራ በአንድ ትኬት ላይ መሆኑን ግን ያረጋግጡ። ተለያይቶ ከተገዛ የመጀመሪያው ቢዘገይ የሁለተኛው ኪሳራ የእርስዎ ነው።

ሰዓቱንም ለእማማ በእኛ አቆጣጠር ይንገሯቸው። ትኬቱ ላይ 22:30 ካለ ከምሽቱ 4:30 ነው።