ከስድስት ወር አገልግሎት በኋላ፦ ባለ ሁለት ሞገድ የዋይፋይ 6 ራውተር ግምገማ

ይህን ባለ አራት አንቴና ራውተር ቤቴ ካስገባሁት ስድስት ወር ሆኖታል። በካርቶኑ ላይ ጎልቶ የሚታየው 1800 የሚለው ቁጥር ነው፤ ገዢውም አስቀድሞ የሚያየው እርሱን ስለሆነ ከዚያው ልጀምር። ቁጥሩ የተገኘው በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይደረስበታል የሚባለውን 574 እና በ5 ጊጋኸርዝ ይደረስበታል የሚባለውን 1201 ሜጋቢት በሰከንድ ደምሮ፣ ድምሩን 1775ን ወደ ላይ በማጠጋጋት ነው። አንድ ስልክ ወይም ላፕቶፕ እንደ ተለመደው በአንድ ጊዜ የሚገናኘው ከሁለቱ ሞገዶች በአንዱ ብቻ በመሆኑ ድምሩን በእጁ የሚያገኝ የለም፤ ሁለቱ ቁጥሮች ለየብቻቸውም ቢሆኑ በስሌት የተገኙ ጣሪያዎች እንጂ በሳሎን ውስጥ የተለኩ ፍጥነቶች አይደሉም። ይሁንና ይህ የገበያው ሁሉ ልማድ ስለሆነ በዚህ ነጥብ አልቀነስኩበትም። ነጥብ የቀነስኩት መሣሪያው ሥራውን በሚገባ እየሠራ ምን እየሠራ እንዳለ ለባለቤቱ ለመናገር በመሰሰቱ ነው።

የመጀመሪያው ችግር የገጠመኝ ገና በተከላው ዕለት ነበር። መመሪያው ራውተሩን አገልግሎት አቅራቢው ከተከለው የፋይበር መቀበያ ጋር በገመድ አገናኝቼ በብራውዘር 192.168.1.1 የሚለውን አድራሻ እንድከፍት ያዝዛል። ከፈትኩት፤ ገጹ መጣ፤ የይለፍ ቃሉንም ቀየርኩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን የቀየርኩት የአዲሱን ራውተር ሳይሆን የመቀበያውን የይለፍ ቃል መሆኑን ደረስኩበት። ለካ የፋይበር መቀበያው ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ከመለወጥ አልፎ የራውተርነትን ሥራም የሚሠራ ዓይነት ኖሯል፤ አድራሻውም ያው 192.168.1.1 ነበር። አዲሱ ራውተር ግጭቱን አውቆ የራሱን አድራሻ ወደ 192.168.0.1 አዛውሯል። ማዛወሩ ብልህነት ነው፤ ዝምታው ግን ብልህነት አይደለም።

በ192.168 የሚጀምሩ አድራሻዎች እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለውስጥ መረቦች ብቻ የተከለሉ ናቸው። በኢንተርኔቱ አደባባይ ስለማይታወቁ የእኔም ቤት የሌላውም ቤት ያለ ግጭት ሊጠቀምባቸው ይችላል። ራውተሩ ከውጭ የተሰጠውን አንድ አድራሻ ለቤቱ መሣሪያዎች ሁሉ ያካፍላል፤ የሚወጣውን ጥያቄ በውጭው አድራሻ ይልካል፤ መልሱ ሲመጣም የማን እንደነበረ ከመዝገቡ አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። እንደ እኔ ቤት ሁለት ራውተሮች በተከታታይ ሲቆሙ ይህ ማካፈል ሁለት ጊዜ ይከናወናል። ድረ ገጽ ለማየት ብዙም አያውክም፤ ነገር ግን አንዳንድ የመስመር ላይ ጨዋታዎችና ከውጭ ሆኖ የቤትን ካሜራ ማየት ይሰናከላሉ። መፍትሔው የመጀመሪያውን ሣጥን፣ ማለትም የፋይበር መቀበያውን፣ ሳያካፍል ምልክቱን የሚያሳልፍ ድልድይ ብቻ እንዲሆን ማድረግ፣ ወይም ያ ካልተፈቀደ አዲሱን ራውተር ከማካፈል ሥራው አሳርፎ የዋይፋይ ማሰራጫ ብቻ ማድረግ ነው። ይህ መሣሪያ ሁለተኛውን መንገድ በአንዲት ቁልፍ ይፈቅዳል፤ ቁልፏ ግን በስልኩ መተግበሪያ ውስጥ የለችም፤ የምትገኘው በብራውዘር በሚከፈተው ገጽ ላይ ብቻ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ያደከመኝ ግን ገመድ ነበር። የምከፍለው ለ300 ሜጋቢት በሰከንድ ሆኖ ሳለ ከራውተሩ ጋር በገመድ የተገናኘው ኮምፒውተሬ ከ94 አልፎ አያውቅም፤ ዋይፋዩ ግን ከ250 በላይ ይሰጣል። ገመድ በዋይፋይ ሲበለጥ ማየት እንግዳ ነገር ነውና ለሦስት ቀን ያህል ራውተሩን ስወቅስ ሰነበትኩ። በመጨረሻ በብራውዘሩ ገጽ ላይ የእያንዳንዱ ሶኬት (የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ) ሁኔታ የሚታይበትን ሠንጠረዥ ስከፍት፣ የኮምፒውተሬ ሶኬት የተስማማበት ፍጥነት 100 መሆኑን አየሁ። የአንድ ጊጋቢት ግንኙነት በገመዱ ውስጥ ያሉትን 8 ቀጫጭን ሽቦዎች በሙሉ ይፈልጋል፤ የ100 ሜጋቢቱ ግን በ4 ብቻ ይሠራል። ስለዚህ ከቀሩት አንዱ ሲበጠስ ግንኙነቱ አይቋረጥም፤ ሁለቱ ጫፎች ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ይወርዳሉ። ገመዱን ስቀይር ፍጥነቱ ወዲያው 290 ደረሰ። ከዚያ በኋላ ነው የሶኬቷ መብራት ከብርቱካናማ ወደ አረንጓዴ መለወጧን ያስተዋልኩት። መብራቷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እውነቱን ስትነግረኝ ነበር፤ የቀለሞቹ ትርጉም ግን በመመሪያው ውስጥ በየትኛውም ገጽ አልተጻፈም።

በዋይፋዩ ረገድ ቅሬታዬ ትንሽ ነው። የ5 ጊጋኸርዙ ሞገድ በአንድ ግድግዳ ማዶ ጠንካራ ነው፤ ሁለተኛው የድንጋይ ግድግዳ ግን ያደክመዋል፣ ያን ጊዜ በዝግታም ቢሆን ርቆ የሚደርሰው 2.4 ይተካዋል። ሁለቱ በአንድ ስም ሲሠሩ አሮጌው ማተሚያዬ ሊገናኝ ስላልቻለ ስሞቻቸውን ለያየሁ። የ2.4ን ቻናል (በሞገዱ ውስጥ የሚሠራበትን መስመር) ራውተሩ በራሱ ሲመርጥ 3ን ይወድ ነበር፤ የጎረቤት መረቦች በበዙበት ሕንፃ ግን እርስ በርስ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ናቸውና 11 ላይ አሰርኩት፤ የስብሰባ ጥሪዎቼም ከዚያ ወዲህ አይቆራረጡም።

ደኅንነቱ መካከለኛ ነው። አዲሱን የደብልዩፒኤ 3 ምስጠራ ይደግፋል፤ ነገር ግን በስምንት አኃዝ ቁጥር የሚያገናኘው ደብልዩፒኤስ ከፋብሪካው በርቶ ይመጣል። ቁጥሩ የሚፈተሸው በሁለት ተከፍሎ በመሆኑ በ11,000 ሙከራ ገደማ ሊገኝ እንደሚችል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በተከላው ዕለት ያጥፉት።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። ብራውዘሩን ለመክፈት ለማይሰንፍ ሰው ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ በስልኩ መተግበሪያ ብቻ ለሚተማመን ግን አልመክርም፣ ምክንያቱም መተግበሪያው «ሁሉም ነገር ደህና ነው» ከሚል አረንጓዴ ምልክት በቀር የሚያሳየው ነገር የለም፤ ገመዴ በተበጠሰባቸው ቀናትም ይህንኑ ምልክት ያሳየኝ ነበር። እስካሁን ሁለት የፈርምዌር (ራውተሩን የሚያሠራው የውስጥ ሶፍትዌር) ማሻሻያዎች ደርሰውኛል። ሁለተኛው ከተጫነ በኋላ የለየኋቸው የዋይፋይ ስሞች እንዳሉ ቆዩ፤ ቻናሉ ግን ወደ 3 ተመልሶ ስላገኘሁት እንደገና 11 ላይ አሰርኩት።