ጅማ ላይ «የተዳቀለ ብርቱካን» የምትገዙ፣ ፕላስቲኩን ሳታስፈቱ ብር እንዳትከፍሉ

ጅማዎች እንዴት ናችሁ። ክረምት ሊገባ ሲል መቼም ችግኝ በየመንገዱ ነው፣ ሂርማታ አካባቢም አለ በባጃጅ ጭነው ሰፈር ለሰፈር የሚዞሩም አሉ። ከነዚህ አንዱ «የተዳቀለ ነው፣ በሁለት አመት ያፈራል፣ ማር ነው» እያለ አንዱን ችግኝ 400 ብር እየሸጠ ስለሆነ እንዳትሸወዱ ብዬ ነው። የተዳቀለ ማለት የጥሩ ብርቱካን ቀንበጥ ሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ተጋጥሞ አንድ ላይ ያደገ ማለት ነው።

ጎረቤታችን ያሉ እናት ከሱ ገዝተው እንድተክልላቸው ጠሩኝ። ግንዱ ላይ ፕላስቲክ ተጠምጥሟል፣ ያው የተዳቀለ ችግኝ መጋጠሚያው ላይ የሚታሰረው አይነት። ስፈታው ውስጡ ምንም የለም! ልጡ ከላይ እስከ ታች አንድ አይነት፣ ጠባሳ የለው እብጠት የለው፣ ከዘር የበቀለ ችግኝ ላይ ዝም ብለው ጠምጥመው ነው የሸጡላቸው። ሲደወልለት «ማዘር ይታገሱ ያፈራል» አለ፣ ከዛ በኋላ ስልኩ ዝግ ነው።

ያፈራል ማለቱ እንኳን ውሸት አይደለም፣ ከዘር የበቀለ ብርቱካንም ያፈራል፣ ግን 6 እና 7 አመት አንዳንዴም ከዛ በላይ ይፈጃል፣ እስከዛ እሾህና ቅጠል ስታዩ ትኖራላችሁ። በደንብ የተዳቀለው 3 አመት አካባቢ ላይ ይጀምራል፣ ብሩን የምትከፍሉትም ለዚች ልዩነት ነው። ሎሚ ከሆነ ግን ከዘርም ብታበቅሉት ያን ያህል አይጎዳም፣ እኔ በበኩሌ ለሎሚ 400 ብር አላወጣም።

እና ሻጩን ፍታልኝ በሉት፣ እምቢ ካለ ጥላችሁ ሂዱ። እውነተኛው ከአፈሩ አንድ ስንዝር ገደማ ከፍ ብሎ ጎበጥ ወይም አበጥ ያለ መጋጠሚያ አለው። ቅጠሉንም እዩት፣ አንድ ዘንግ ላይ ሶስት ሶስት ሆኖ ከወጣ ብርቱካን አይደለም፣ ለስሩ ብቻ ተብሎ የሚተከል ዝርያ ነው፣ ማለትም ላዩ ላይ የተዳቀለው ሞቶ የታችኛው ብቻውን አድጓል፣ የሱ ፍሬ ደግሞ መራራ ነው የሚበላ አይደለም።

ደግሞ ብርቱካን ቆርጦ ያስቀምሳችኋል። ያ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል፣ ምናልባት ቆላ የበቀለ ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጉምዛዜው ቶሎ አይለቅም፣ ስለዚህ ያው ዝርያ ራሱ እዚህ ቢተከል የግድ እንደዛ ይጣፍጣል ማለት አይደለም። ዛፉ ላይ ማቆየት ነው ያለው፣ እንደ ሙዝ ቆርጣችሁ ቤት ብታስቀምጡት አይጣፍጥም።

እውነተኛ የተዳቀለ የደረሳችሁ ደግሞ መጋጠሚያውን አፈር ውስጥ እንዳትቀብሩት፣ በኛ ዝናብ ልጡ ይበሰብሳል፣ ፕላስቲኩንም ከያዘ በኋላ ፍቱት፣ ከቆየ ግንዱን ያንቀዋል።