ኤፍቲ8 ላይ ፊደል ማንበብ ላቃታችሁ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ባለሙያ እንጠቁማችሁ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንገኝ አማርኛ ተናጋሪ የአማተር ራዲዮ ተጠቃሚዎች ይህን ምስጋና የምንጽፈው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ኮምፒውተር ለሚጠግን አንድ ወንድማችን ነው። ስሙ አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገ ፈቃዱን አክብረናል፤ ስልኩን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀን። ሥራውን ግን በዝርዝር እንጽፈዋለን። ሌላ ከተማ ያላችሁ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ፣ እሱ ዘንድ የምትሄዱም ምን እንደምትጠይቁ አውቃችሁ ትሄዳላችሁ።

ኤፍቲ8 በኮምፒውተር አማካይነት አጫጭር መልእክት በራዲዮ የምንለዋወጥበት ዘዴ ነው፤ የሚሠራበት ሰው የፊደል ማነስን ችግር ያውቀዋል። አንዱ ዙር 15 ሰከንድ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 12.64 ሰከንዱን ምልክቱ ራሱ ይወስደዋል። በተረፈችው ሁለት ሰከንድ ከምናምን ውስጥ ስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር ይዘረገፋል፤ ማን እንደጠራ አይቶ ለመምረጥ ፊደሉ ወለል ብሎ መታየት አለበት። መስመሩ ላይ ደብል ክሊክ ላደረገ ሰው የጥሪ ምልክቱን፣ ማለትም የጠሪውን የራዲዮ መለያ፣ ፕሮግራሙ ይይዝለታል። በእጁ ሎግ (የግንኙነት መዝገብ) ላይ የሚጽፍ ሰው ግን ዜሮን ከኦ፣ 1ን ከአይ፣ 8ን ከቢ ካምታታ ግንኙነቱ ከሌላኛው ወገን ሎግ ጋር አይገጥምም፤ ማረጋገጫም አያገኝም።

አብዛኛው ሱቅ ለዚህ ችግር ያለው መልስ «ትልቅ ስክሪን ግዙ» ነው። ወንድማችን ግን መጀመሪያ የሚያየው ሪዞሉሽኑን ነው። ፊደል አነሰን ብለው ከ1920 በ1080 ወደ 1366 በ768 ያወረዱ ብዙ ናቸው። ፊደሉ ተለቅ ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የስክሪኑ ነጥቦች ቁጥር ስለማይለወጥ አንዱ የፊደል ሰረዝ አንድ ነጥብ ሞልቶ ሌላው ላይ በከፊል ያርፋል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል። ስለዚህ ዊንዶውስ «ሪኮመንድድ» ወደሚለው ሙሉ ሪዞሉሽን ይመልሰውና ማተለቁን በሌላ መንገድ ይሠራዋል።

ፊደሉ ለምን እንደሚያንስም ለጠየቀው ሁሉ ያስረዳል። ዊንዶውስ መቶ ፐርሰንት ስኬል (የማተለቂያ ልክ) ላይ ሲሆን በአንድ ኢንች 96 ነጥብ አለ ብሎ ነው የሚያሰላው። ባለ 14 ኢንች ፉል ኤችዲ ላፕቶፕ ግን በአንድ ኢንች 157 ገደማ ነጥብ አለው። ወረቀት ላይ 3.5 ሚሊሜትር ቁመት የሚይዘው ባለ 10 ፎንት እዚያ ስክሪን ላይ 2.2 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ከ60 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ይህን ማንበብ ለማንም ዓይን ይከብዳል፤ መነጽር ቢቀየርም መፍትሔ አይሆንም።

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ነው። «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» ውስጥ ስኬሉን 125 ወይም 150 ፐርሰንት ያደርገዋል፣ ከዚያ ሳይን አውት አድርጎ እንደገና ይገባል። ይህችን የመጨረሻዋን እርምጃ የሚዘል ብዙ ነው። የቆዩ ፕሮግራሞች የስክሪኑን መጠን የሚያነቡት ሲገባ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ሳይወጡ ሲቀይሩት ፊደሉ ተለጥጦ የደበዘዘ ሆኖ ይቀራል። ላፕቶፕና ሌላ ስክሪን በአንድ ላይ የሚጠቀም ሰውም የሚገጥመው ይኸው ነው፦ ፕሮግራሙ የዋናውን ስክሪን ስኬል ይዞ ወደ ሁለተኛው ሲጎተት ይደበዝዛል። የራዲዮ ፕሮግራሙ የሚከፈትበትን ስክሪን ዋና አድርጎ መግባት ይሻላል።

ቀጥሎ ኤፍቲ8 ወደሚሠራበት ፕሮግራም፣ ወደ ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ ይገባል። ከምንም በፊት «ኮንፊገሬሽንስ» ከሚለው ሜኑ ያለውን አቀማመጥ «ክሎን» ያደርግና ሥራውን በቅጂው ላይ ይሠራል። የራዲዮውና የድምፁ ሴቲንግ ሳይነካ ይቆያል፣ አዲሱ ካልተወደደም በሁለት ክሊክ ወደ ድሮው መመለስ ነው። ለዚህ ጥንቃቄ ብቻ እንኳ እጁ ይባረክ እንላለን፤ ለወራት የተስተካከለ ሴቲንግ በአንድ ከሰዓት የጠፋበት ሰው ይገባዋል።

«ፋይል»፣ «ሴቲንግስ»፣ «ጀነራል» ውስጥ ሁለት የፎንት ቁልፎች አሉ፤ ሰው የሚሳሳተው እነዚህ ላይ ነው። «ፎንት» የሚለው የመስኮቱን ቁልፎችና ጽሑፎች በሙሉ ይለውጣል። «ዲኮድድ ቴክስት ፎንት» የሚለው ደግሞ የሚዘረገፉትን መስመሮች ብቻ። ወንድማችን የመጀመሪያውን 10 ላይ አድርጎ ይተወዋል፣ ከፍ የሚያደርገው ሁለተኛውን ነው። መነሻው ኩሪየር 10 ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ኩሪየር ደግሞ በጥቂት መጠኖች ብቻ በነጥብ በነጥብ የተሳለ የድሮ ፎንት ስለሆነ ሲያተልቁት ጠርዙ ይሸራረፋል። ኩሪየር ኒው አይሸራረፍም፤ ግን መስመሩ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፣ ዜሮውም ከኦ የሚለይበት ምልክት የለውም። እሱ የሚመርጠው ኮንሶላስ 14 ቦልድ ነው፤ ዜሮው መሐሉ ላይ ሰረዝ አለው፣ አይ እና 1ም አይምታቱም። ሊኑክስ ላይ ወይም ራስፕቤሪ ፓይ ላይ ከሆነ ደጃቩ ሳንስ ሞኖ። እኛም አነጻጽረን ምርጫው ልክ ነው ብለናል።

ውበት አይቶ ሌላ ፎንት ለሚመርጥ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። እዚህ ቦታ የሚገባው ፊደሉ ሁሉ እኩል ስፋት ያለው፣ ሞኖስፔስ የሚባለው ዓይነት ብቻ ነው። ሰዓቱ፣ ዲሲቤሉ፣ የጊዜ ልዩነቱና ፍሪኩዌንሲው በአምድ የሚደረደሩት በባዶ ቦታ ቁጥር ነው። ኤሪያል ቢያስገቡበት «ሲኪው ኢቲ3ኤኤ ኬጄ99» የሚለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ክለብ ጥሪ (ሲኪው ለሁሉም የሚደረግ ጥሪ፣ ኬጄ99 የቦታ ኮድ ነው) አንዱ መስመር ላይ ወደ ግራ፣ ሌላው ላይ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፤ ዓይን ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የሚይዘው ነገር ያጣል።

ለምን 14፣ ለምን 20 አይሆንም? የአገር ስም ጨምሮ አንዱ መስመር ወደ 60 ፊደል ይደርሳል፤ መስኮቶቹ ደግሞ ጎን ለጎን ሁለት ናቸው። ፉል ኤችዲ ስክሪን ላይ በ125 ፐርሰንት ስኬል 14 ሲሆን ሁለቱም ይገባሉ፣ 16ም ጠበብ ብሎ ይገባል። ከ18 ጀምሮ ግን የመስመሩ ጫፍ ይቆረጣል። የግድ ከዚያ በላይ ለሚያስፈልጋቸው አባቶች «ሾው ዲኤክስሲሲ» የሚለውን ምልክት ያነሳላቸዋል፤ የአገሩ ስም ሲቀር መስመሩ ያጥራል። «ብላንክ ላይን» የምትለውን ግን ለሁሉም ያበራታል፤ በዙርና በዙር መካከል አንድ መስመር ትለያለች፣ ዓይን ከየት እንደሚጀምር ወዲያው ያውቃል።

ቀለሙንም አይረሳም። «ከለርስ» የሚለው ታብ ውስጥ እያንዳንዱ ዓይነት መስመር ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ የፊደሉንና የጀርባውን ቀለም ይቀይራል። ደማቅ ቀይ ጀርባ ላይ ጥቁር ፊደል ለብዙ ዓይን ስለሚጨልም የራስ ጥሪ ምልክት የሚወጣበትን ቀይ ያሳሳዋል። ለተነባቢነት የሚያዘው የተለመደ ልክ በፊደሉና በጀርባው መካከል 4.5 ለ1 ንጽጽር ነው፤ እሱም በመለኪያ ፕሮግራም አስልቶ ነው የሚያስገባው። ማድመቂያው ከበዛ ደግሞ ምንም እንዳልደመቀ ስለሚሆን ብዙዎቹን ያጠፋቸዋል። ሲኪው፣ የራስ ጥሪ ምልክትና አዲስ አገር ከበሩ ይበቃል።

አሁን ወደሚበላሸው ነገር። «ፎንት» የሚለውን የመጀመሪያውን ቁልፍ በአንድ ጊዜ ወደ 18 ያደረሰ ሰው፣ በተለይ 768 ከፍታ ባለው ላፕቶፕ ላይ፣ የሴቲንግ መስኮቱ ከስክሪኑ በታች ይወርድበትና «ኦኬ» የሚለው ቁልፍ አይታየውም። ፕሮግራሙን አጥፍቶ መጫን አያድንም፤ ሴቲንጉ ለብቻው ፋይል ውስጥ ስለሚቀመጥ ያው ትልቅ ፎንት ይመለሳል። መፍትሔው ይኸውና። ዊንዶውስ ላይ ከ«ፋይል» ሜኑ «ኦፕን ሎግ ዳይሬክተሪ» ሲሉ ፎልደሩ ይከፈታል። ከዚያ ፕሮግራሙን ዝጉት። ይህ የግድ ነው፤ ሲዘጋ ሴቲንጉን እንደገና ስለሚጽፈው ክፍት ሆኖ ያስተካከላችሁት ይደመሰሳል። በፕሮግራሙ ስም ተሰይሞ «አይኤንአይ» ብሎ የሚያልቀውን ፋይል ቅጂ አስቀሩና በኖትፓድ ክፈቱት። «ፎንት» እና የእኩል ምልክት ብሎ የሚጀምረው መስመር ላይ ከፎንቱ ስምና ከኮማው ቀጥሎ ያለው ቁጥር መጠኑ ነው። ወደ 10 መልሱት፣ ሴቭ አድርጉ፣ ፕሮግራሙን ክፈቱ። ከ«ዲኮድድቴክስትፎንት» መስመር ጋር እንዳታምታቱት።

ሌሎች ፕሮግራሞች ሌላ ጠባይ አላቸው። ኤፍኤልዲጂ በሚባለው ሌላ የዲጂታል ራዲዮ ፕሮግራም ላይ የመቀበያውና የመላኪያው ፎንት ከሴቲንጉ ውስጥ የቀለምና የፎንት ክፍል ላይ ለየብቻ ይቀየራል። የራሱ የፎንት መምረጫ የሌለው የድሮ ሎግ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ አይኮኑ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ኮምፓቲቢሊቲ»፣ «ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ»፤ ከታች «ኦቨርራይድ» የሚለውን አብርቶ «ሲስተም ኢንሃንስድ» መምረጥ። ይህ ፊደልን በድሮው የዊንዶውስ አሳሳል ለሚስሉ ፕሮግራሞች ጥርት አድርጎ ይሠራል፤ በሌሎቹ ላይ ለውጥ ላያመጣ ይችላል፤ ያኔ ወደነበረበት መመለስ ነው። መጨረሻ ላይ ባለቤቱን ከስክሪኑ ፊት አስቀምጦ ክሊርታይፕ የሚባለውን የዊንዶውስ የፊደል ማጥሪያ ማስተካከያ ያስኬዳል። የትኛው ፊደል እንደሚጠራ የሚመርጠው ባለቤቱ ነው፤ እሱ አይመርጥለትም።

የሎግ ማስታወሻውን በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይነግረዋል። ኮንሶላስ የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ዊንዶውስ 10 ከኢብሪማ አምጥቶ ይሞላዋል፣ ስለዚህ መታየቱ ይታያል። ጉዱ ሎጉ ወደ ኤዲአይ ፋይል (ሎግ ወደ ሌላ ፕሮግራም የሚተላለፍበት የፋይል ዓይነት) ሲላክ ነው። የዚያ ፋይል ደንብ የሚፈቅደው መሠረታዊውን የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ ስለሆነ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ በፎንት የሚስተካከል አይደለም። አማርኛውን ሌላ ፋይል ላይ ያዙት።

ፕሮግራሙን ለሚያማርሩም ሳናነሳ የማናልፈው፦ ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ በነጻ የሚታደል፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። ኤፍቲ8ን በ2017 ያመጡት ስቲቭ ፍራንክና በ1993 የፊዚክስ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ የሆኑት ጆ ቴይለር ናቸው። የፎንት ቁልፎቹን አስቀምጠውልናል፤ የት እንዳሉ ማወቁ የእኛ ፈንታ ነው።

ወንድማችን የማይሠራውንም እንናገር። ማክ አይነካም። ራዲዮውንና የራዲዮውን ድራይቨር አይነካም፤ «እሱ የእናንተ ሙያ ነው» ይላል፣ ልክም ነው። ዋጋውን ኮምፒውተሩን ከመንካቱ በፊት ይናገራል፣ ከጨረሰ በኋላ አይጨምርም። ቀጠሮ የሚይዘው በስልክ ነው፤ ቅዳሜ ስለሚጨናነቅበት በሥራ ቀን ብትሄዱ ይሻላል።

ስትሄዱ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ፣ ቤት ሁለተኛ ስክሪን ካላችሁ ሞዴሉን ጽፋችሁ፣ ለኮምፒውተር የምታደርጉትንም መነጽር ይዛችሁ ሂዱ። ከወንበራችሁ እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ንገሩት፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ቤት ስትመለሱ ከማስተላለፋችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ሰዓት አስተያዩ፤ ከሰከንድ በላይ ከተዛባ ፊደሉ የቱንም ያህል ቢጠራ ስክሪኑ ባዶ ሊሆንባችሁ ይችላል።

73 (በራዲዮ ቋንቋ፦ መልካም ምኞት)