ልጄ ሌሊቱን እንዲተኛ ለረዱኝ የጽዳት ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በልደታ ኮንዶሚኒየምና በአካባቢው ቤት ለቤት እየዞሩ ፍራሽ፣ ምንጣፍና መጋረጃ የሚያጸዱ አንዲት እናት አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ አልጠቅሰውም፤ ስለ ሥራቸው ሳልመሰክር ብቀር ግን ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

የ7 ዓመት ልጄ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ይስል፣ ጠዋት ሲነቃም ዓይኑ ቀልቶ ሳያቋርጥ ያስነጥስ ነበር። እኔ ከምግብ ነው ብዬ እንቁላልና ወተት ለወራት ከለከልሁት፤ ሐኪም ሳላማክር ያን ማድረጌ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል። በኋላ በቆዳው ላይ በተደረገለት ምርመራ አለርጂው የሚነሣበት ከቤት አቧራ ነፍሳትና ከበረሮ መሆኑ ታወቀ። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘለትና የሚተኛበትን ክፍል በሚገባ እንድናጸዳ ነገረን። እንዴት እንደሚጸዳ ያሳዩኝ ግን እኚህ እናት ናቸው።

የአቧራ ነፍሳት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሱ በመሆናቸው በዓይን አይለዩም። ከሰውነታችን በሚረግፈው የቆዳ ቅርፊት እየተመገቡ፣ ሙቀትና እርጥበት በሚያገኙበት ፍራሽ፣ ትራስና ብርድ ልብስ ውስጥ ይራባሉ፤ አለርጂውን በዋናነት የሚያስነሣውም ዐይነ ምድራቸው ነው። ስለዚህ እማማ (ልጄ የሚጠራቸው እንዲህ ነው) ሥራቸውን የጀመሩት ከወለሉ ሳይሆን ከአልጋው ነበር። “ልጄ፣ መጀመሪያ ልጁን ጎረቤት አድርሺው፤ አቧራው ሲሰክን ትመልሺዋለሽ” አሉኝና ፍራሹን ወደ ውጭ አስወጥተው በቫኪዩም ካጸዱት በኋላ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አዋሉት፤ ማታም ዚፕ ያለው ሽፋን አለበሱት።

አንሶላውን፣ የትራስ ልብሱንና ጋቢውን ያጠቡት በሙቅ ውኃ ነው፤ ነፍሳቱ የሚሞቱት ውኃው 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ እንጂ በቀዝቃዛ እጥበት አይደለምና። የእኛ ማጠቢያ ማሽን ውኃ አያሞቅም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ እሳቸው ሁለት እጅ የፈላ ውኃ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ጋር በሳፋ ቀላቅለው ልብሱን ዘፈዘፉት፤ በቴርሞሜትር ብለካው 64 ዲግሪ ሆኖ አገኘሁት። አሁን በየሳምንቱ እኔው ራሴ እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ልጁን ግን ከሳፋው አርቄ ነው። በሙቅ ውኃ የማይታጠበውን የጨርቅ አሻንጉሊቱን ሙሉ ቀንና ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ አቆይተን አጠብነው።

ለበረሮው ፍሊት እንዳልረጭ መከሩኝ፤ ሽታው ራሱ የልጁን መተንፈሻ ስለሚያስቆጣ ነው። በዚህ ፈንታ የቧንቧውን ቀዳዳዎች ደፈኑ፣ በየጥጋጥጉም የበረሮ ማጥፊያ ጄል አደረጉ። ቁም ሣጥኑንም ከግድግዳው ሲያርቁት ከኋላው የክረምቱ ሻጋታ ተገኘ። ዕጣንና የከሰል ጭስ አለርጂ ባይሆኑም ሳሉን ስለሚያባብሱት ቡናውን በረንዳ ላይ እንዳፈላ ጠየቁኝ፤ ይህን በትሕትና ማስረዳታቸው ከሥራቸው ሁሉ ይበልጥ ልቤን ነክቶታል።

ከእሳቸው በፊት ያሠራሁት የጽዳት ድርጅት ቤቱን በበረኪና ሽታ ሞልቶት ስለሄደ የዚያን ሌሊት ሳሉ ብሶበት ነበር። እማማ ግን ወለሉን በደረቁ ሳይጠርጉ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ፤ በረኪናም ልጅ ባለበት አይነኩም።

አሁን ሦስተኛ ወራችን ነው። ሳሉ ጨርሶ ጠፍቷል አልልም፤ ሐኪሙ ያዘዘውን ፓፍም (በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት) አላቋረጥንም። ነገር ግን በየሌሊቱ ይነሣ የነበረው ልጄ አሁን ቢበዛ በሳምንት አንድ ሌሊት ቢነሣ ነው። እማማ፣ እግዚአብሔር ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባለው አካባቢ ለምትኖሩ ስልካቸውን በፈቃዳቸው በውስጥ መስመር እልካለሁ። ዋጋውን የሚናገሩት ክፍሉን አይተው ነው፤ በክረምት ፍራሽ በፀሐይ ማድረቅ ስለሚያስቸግር ሰኔ ሳይገባ ቀጠሮ ያዙ።